የመረቁ ድስት

የ71 ዓመት እናት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው መለኪያው ሥር ሲቆሙ መዝገባቸው ላይ ካለው 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። «ሱሪዬ ሁሉ እየረዘመብኝ ራሴው ነኝ የማሳጥረው» አሉኝ በአንዲት አስተርጓሚ በኩል። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ልብስ ስፌት ላይ ነው የኖሩት።

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ ቻይናታውን አጠገብ ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ከቻይናዋ ጓንግዶንግ የመጡ ካንቶንኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ዴክሳ በሚባለው የአጥንት ምርመራ የእኚህ እናት የዳሌ ውጤት ከዜሮ በታች 2.8 ሆነ፤ ከዜሮ በታች 2.5 ሲደርስ የአጥንት መሳሳት ይባላል። እዚህ አገር ሴቶች 65 ዓመት ሲሞላቸው እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ለእሳቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው። እስከዚያ ቀን የሚያስተረጉምላቸው ወንድ ልጃቸው ነበር። የወር አበባ ሲቆም አጥንትን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ መቼ እንደቆመ መጠየቅ አለብን። ይህን በወንድ ልጇ አፍ የምትመልስ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ውጤቱን ስነግራቸው አላመኑም። «የአጥንት መረቅ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም እኮ!» ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ወንድሜ እጁ ተሰብሮ ወጌሻ ካሸው በኋላ ቅልጥም ስትቀቅልለት ነበር የከረመችው። አጥንትን አጥንት ይጠግነዋል የሚለው እምነት እነሱም ቤት እኛም ቤት አለ። ነገር ግን አጥንቱ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ወደ መረቁ የሚወጣው ካልሲየም ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በቻይንኛ የአጥንት መሳሳትና መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው የአጥንት ጉጥ ስማቸው በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው። ጉልበቷ ላይ ጉጥ አለ የተባለች ሴት «አጥንቴማ ተርፎኛል» ብላ ካልሲየሙን ትተዋለች። ጉጡ ግን የሚመጣው ከመገጣጠሚያው መጎዳት እንጂ ከካልሲየም መብዛት አይደለም፤ ሁለቱም ሕመም አንድ ሰው ላይ ሊገኝ ይችላል።

እኛ ደግሞ ለዓመታት «ወተት ጠጡ» የሚል ወረቀት ስናድል ኖርን። ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸዋል፤ አክብረውን ወረቀቱን ተቀብለው ይሄዳሉ። አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው ቤታቸው ምን እንደሚበስል ነው። ብዙ ቶፉ የሚረጋው ለምግብ በተዘጋጀ ጄሶ ነው፤ ጄሶ ደግሞ ካልሲየም አለው። ቦክ ቾይ የሚሉት ጎመን ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሰውነት በደንብ ይወስደዋል፤ የቆስጣው ግን አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። ስለዚህ መረቁን ተዉ አላልኳቸውም። ቶፉና ቦክ ቾይ ይጨምሩበት አልኳቸው፤ ደስ አላቸው።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃቸውም። ትንሽ ሰውነት ያላት ሴት አጥንት በማሽኑ ላይ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ስለሚችል ሐኪሙ በቁጥሩ ብቻ አልወሰነም፤ ራጅ ሲነሱ አንዱ የአከርካሪ አጥንት ሳያማቸው ተሰብሮ ተገኘ። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ክኒን ታዘዘላቸው። በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መተኛትም ሆነ መብላት የለም። ማለዳ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ለለመደ ሰው ይከብዳል ብዬ ሰጋሁ።

እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና አስተርጓሚዋን አስቆሟት። በየማለዳው ፓርክ ሄደው ታይ ቺ ይሠራሉ። ክኒኑን ውጠው በእግራቸው ይወጣሉ፤ የአኩሪ አተሩን ወተት ሲመለሱ ይጠጣሉ።