ማኅፀንን በራጅ ስለ መመርመር፤ ባለትዳሮች ሊያውቁት የሚገባ ነገር

ልጅ ሳይወልዱ ዓመታት ያለፉባቸው ባለትዳሮች በየደብሩ አሉ። ሴቲቱ ስለት ትሳላለች፥ ጠበል ትጠመቃለች፤ ጎረቤት ግን «መካን» እያለ ያማታል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ለሐኪም ጥበብን የሰጠ ያው አምላክ ነውና። ስለዚህ አንዳንዶች ስለሚፈሩት፥ ሌሎችም ሳይጠይቁ ስለሚገቡበት አንድ ምርመራ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ራጅ ብቻውን የማኅፀንን ቱቦዎች አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ በማኅፀን በር በኩል አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ያስገባል፤ ቱቦው ከተዘጋ የተዘጋበት ስፍራ በዚህ ይታወቃል። ፈሳሹ በውሃ ወይም በዘይት የተዘጋጀ ነው። ሊፒዮዶል የተባለው ዘይት ከፓፒ አበባ ዘር የሚገኝ ሲሆን በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር ተሠራ። በ2017 የኔዘርላንድ ሊቃውንት በ1,119 ሴቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ በስድስት ወር ውስጥ በዘይቱ ከተመረመሩት ከመቶ 39.7፥ በውሃው ከተመረመሩት ከመቶ 29.1 ፀነሱ።

ነገር ግን ጥቅም ያለው ሁሉ ጥንቃቄን ይሻል። አልፎ አልፎ ዘይቱ ወደ ደም ሥር ገብቶ ወደ ሳንባ፥ እጅግ በጥቂቱም ወደ አንጎል ይደርሳል። ማኅፀንዋ በቅርቡ የተጠረገ ወይም ቱቦዋ የተዘጋ ሴት ይልቁን ለዚህ ትጋለጣለች። ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ሳል፥ የትንፋሽ ማጠር፥ የደረት ውጋት ወይም የአእምሮ መደንገዝ ቢታይ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙም ፈሳሹን ቀስ ብሎ እያስገባ በራጁ ይከታተላል፤ ወደ ደም ሥር ሲገባ ካየ ወዲያው ያቆማል።

ሁለተኛው ጉዳይ አዮዲኑ ነው። ዘይቱ በሰውነት ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፥ አዮዲኑ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያደክም ወይም ከልክ በላይ ሊያፋጥን ይችላል። በደጋው አገራችን እንቅርት የቆየ ሕመም ስለ ሆነ፥ ይህን ልብ ማለት ይገባናል። ሴቲቱ ከፀነሰችም የሕፃኑ ዕጢ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት የዕጢው ሥራ በደም ይታይ፤ ስትወልድም በዘይት መመርመርዋን ለሐኪሙ ትንገር።

እኅቶቻችን ሆይ፥ ምርመራው የወር አበባ ካበቃ በኋላ፥ ፅንስ አለመኖሩ ተረጋግጦ ይደረግ። እንቅርት፥ የማኅፀን ቁስለት ወይም የመድኃኒት አለመስማማት ካለባችሁ አትሸሽጉ። በኋላም ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢመጣ በቤት አትቆዩ። ወንድሞቻችንም፥ መካንነት የሴት ብቻ አይደለምና እናንተም ተመርመሩ፤ ሚስቶቻችሁንም ብቻቸውን ወደ ሐኪም ቤት አትስደዱ። አብረው የጸለዩ አብረው ይጠይቁ።