ሥሩ ጠጠር እስኪጨብጥ

«ቲቸር፣ ለዓሣዎቼ ተክል ተክዬ ነበር፤ ስነቃ ውሃው ላይ ተንሳፎ አገኘሁት!» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ ስለማስተምርና ሳሎኔ ውስጥ ለምለም አኳሪየም ስላለኝ እንዲህ ያለው አቤቱታ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ተክልህ የሚመገበው በምኑ ነው?

የቡሬ ገበሬ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ነቅሎ ሲያዛውር የሚጨነቀው ለሥሩ ነው። በርበሬ ውሃም ምግብም የሚስበው በዋናነት በሥሩ ነውና። ውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል ግን በቅጠሉም ይመገባል። ለአንዱ ሥሩ ዋና መመገቢያው ነው፤ ለሌላው ድንጋይ ላይ መያዣው ብቻ። ጣና ውስጥ የሚበቅለው ሴራቶፊለም ደግሞ ጭራሽ ሥር የለውም። እሱን ጠጠር ውስጥ መቅበር ግንዱን ማበስበስ ነው፤ ተንሳፎ ይኑር።

ቅጠለ ረጅሙ ቫሊስኔሪያ በሥሩ ከሚመገቡት ወገን ነው። ሥሩ ከረዘመ እከረክመዋለሁ፤ በወረንጦ ይዤም ጠለቅ አድርጌ እተክለዋለሁ። ከዚያ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ነጭ አንገት ከጠጠሩ በላይ ብቅ እስኪል ቀስ ብዬ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ይህች ትንሽ ስበት ሥሩን ወደ ታች ታስተካክለዋለች፤ አንገቱንም ታድነዋለች። የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል።

ጠጠሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የታጠበ የወንዝ ጠጠር ቢሆን እመርጣለሁ። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። በጣም የደቀቀ አሸዋ በወፍራሙ ሲነጠፍ አየር ያጣል፤ ይጠቁራል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ለሥሩ ምግብ የሚሆነው ደግሞ ደጃችን ላይ አለ። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ብረት የበዛበት ነው። ሸክላማውን አቡክቼ፣ ሽንብራ አሳክዬ አድበለብልና አድርቄ ከሥሩ አጠገብ እቀብረዋለሁ። ዩሪያ ያረፈበት ማሳ አፈር ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓሣ ይገድላል።

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ሌላ አያያዝ ይፈልጋሉ። እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ እሱን መቅበር መግደል ነው። እናቶቻችን በሚፈትሉት የጥጥ ፈትል ድንጋይ ላይ ላላ አድርጌ አስራቸዋለሁ። ፈትሉ ውሃ ውስጥ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል፤ እስከዚያ ሥሩ ድንጋዩን ጨብጧል። የእርሳስ ብረት ጠምጥሞ ማስመጥ የለመዱ አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ የታነቀ ግንድ ከታሰረበት ላይ ይበሰብሳል።

ድንጋዩም ይመረጣል። የአካባቢያችን ጥቁር ባዛልት ውሃውን ስለማይለውጥ ተስማሚ ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ግን ቀስ በቀስ ይሟሟና ውሃውን ያከብደዋል። አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ተዉት።

ከተከላችሁ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ! ያዘ ወይስ አልያዘም እያሉ መነቅነቅ የጀመረውን ቀጭን ሥር ይበጥሰዋል። አሮጌ ቅጠል ቢረግፍ አትደንግጡ፤ ከመሐል አዲስ ቅጠል ብቅ ማለቱን ተከታተሉ።

ሲበዛ የምትከረክሙትን ግን ወንዝ ውስጥ እንዳትጥሉ አደራ እላለሁ። የአካባቢያችን ብር ወንዝ ዓባይ ይገባል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬውንም ዓሣ አጥማጁንም ምን ያህል እንዳስጨነቀ እናውቃለን። ያን አረም የተሸከመው የዓባይ ተፋሰስ ሌላ እንግዳ ተክል ሊጨመርበት አይገባም። ክርክሙን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ድርቅ ሲል ከጓሮ ብስባሽ ጋር ደባልቁት።