እባብ ለመግዛት ፈቃድ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች፣ እባብ ለመግዛት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል ቢሉን ነገሩ ቀልድ ይመስለናል። ለመሆኑ እባብን ማን ይገዛዋል? ቢገዛውስ መንግሥትን ምን አገባው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመልሳቸው እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንወስደው በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምሥራቅ የሚኖረውን ምሥራቃዊ ኢንዲጎ የተባለውን እባብ ነው። የመረጥነውም ሕጉ በግልጽ የተጻፈ በመሆኑና ለነገ የሳይንስ መምህር የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለበት ነው።

እባቡና የደረሰበት ጉዳት

ኢንዲጎ ከዚያ አገር እባቦች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እስከ 2.6 ሜትር ይደርሳል። ቆዳው ጥቁር ሲሆን ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያብለጨልጫል። መርዝ የለውም። እንዲያውም ሌሎች እባቦችን፣ ጅራቱን እያንኳኳ የሚያስፈራራውን መርዘኛ ራትል እባብ ጭምር፣ እየያዘ ይበላል። የሚኖረው በተለይ በፍሎሪዳና በጆርጂያ ነው። በአሸዋማው የፓይን ደን የብርዱ ወራት ሲመጣ ጎፈር የተባለው የየብስ ኤሊ በቆፈረው ጉድጓድ ገብቶ ይጠለላል።

ታዲያ ይህን እባብ ምን ጎዳው? አንደኛው ገራምነቱ ነው። ሰው ሲይዘው እምብዛም አይናከስም። መልኩ ያማረ፣ ጠባዩ የለዘበ ስለሆነ በቤቱ ሊያኖረው የሚፈልግ ሰው በዛ። በብርድ ጊዜ የት እንደሚገኝ ስለሚታወቅ ለነጋዴ አዳኞች መያዙ ቀላል ነበር። ሁለተኛው፣ ራትል እባብን ለማስወጣት የሚሹ ሰዎች በኤሊው ጉድጓድ ውስጥ የቤንዚን ትነት ይለቁ ስለነበረ ኢንዲጎውም አብሮ ያልቅ ነበር። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የደኑ መመንጠር ነው። ቅጠለ ረጅሙ የፓይን ደን በጥንቱ ዘመን 36 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ለእንጨት፣ ለእርሻና ለከተማ ሲባል ጠፍቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

ዩናይትድ ስቴትስ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሕጉ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ ለመጥፋት የተቃረቡ፣ ሌላው ወደዚያ እንዳይደርሱ የሚያሠጉ ዝርያዎች ደረጃ ነው። ኢንዲጎ እ.ኤ.አ. በ1978 በሁለተኛው ደረጃ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ከዱር መያዝ፣ መግደል፣ ከአገር ማስወጣትና ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው መሸጥ የተከለከለ ሆነ።

«ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው» የሚለውን ልብ እንበል። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት መሠረት በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን ነው። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተገኘና በሰው እጅ የተፈለፈለ ኢንዲጎ በዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ ቢሸጥ ይህ ሕግ አይከለክልም። ይህ ማለት ግን ሜዳው ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ለምሳሌ ጆርጂያ የአገሩን መርዝ አልባ እባብ ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖርን ትከለክላለች። እንግዲህ ገዥው ሁለት በር ማንኳኳት አለበት ማለት ነው።

ማመልከቻው ምን ይጠይቃል?

ፈቃዱን የሚሰጠው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የተባለው የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሚያመለክተው ደግሞ ገዥው ነው። ሻጭ እንኳ ማስታወቂያ ሲያወጣ ፈቃድ ሳይገኝ ሽያጩ እንደማይፈጸም በማስታወቂያው ላይ መግለጽ አለበት።

አመልካቹ ከሚጠየቃቸው ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ይገኙበታል፦

ሀ/ የእባቡ ዝርያ፣ ብዛት፣ ዕድሜና ፆታ፤ በሰው እጅ የተፈለፈለ ከሆነም የት እንደተፈለፈለ፤

ለ/ የሚኖርበት ቤት ስፋትና አሠራር፣ ከነፎቶግራፉ፤

ሐ/ የሚንከባከበው ሰው ያለው ልምድ፤

መ/ በጋራ የማራባት ፕሮግራም ለመሳተፍና የዘር መዝገብ ለመያዝ ፈቃደኛ መሆኑ፤

ሠ/ ባለፉት 5 ዓመታት በአመልካቹ እጅ የሞቱ የዚያ ዝርያ ወይም የቅርብ ዘመዶቹ እንስሳት ካሉ የሞቱበት ምክንያትና ሞቱ እንዳይደገም የተወሰደው እርምጃ፤

ረ/ እባቡ የተፈለገበት ዓላማ።

«ወድጄው ነው» የሚል መልስ አይበቃም። ደንቡ የሚቀበላቸው ዓላማዎች ለሳይንስ ጥናት፣ ዝርያው እንዲራባና በሕይወት እንዲቆይ ለማገዝ፣ ለእንስሳት ማሳያ፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎችም ግዥው በዱር ባሉት ላይ ምን ያስከትላል ብለው ይመረምራሉ። ፈቃድ ያገኘ ሰው መዝገቡን ለ5 ዓመት ይይዛል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣም በሩን ይከፍታል።

«በቤት የተፈለፈለው ምን በደለ?»

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «እባቡ የተፈለፈለው በሰው ቤት ነው፤ ዱርን አያውቀውም፤ የእሱ መሸጥ የዱሩን እንዴት ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በቤት የሚራባው ከበዛ የዱሩን የሚያሳድደው ሊቀንስ ይችላል። ችግሩ ግን ከዱር የተያዘውና በቤት የተፈለፈለው በመልክ አለመለየታቸው ነው። ወረቀት ከሌለ ሌባው ከዱር ያመጣውን «እኔው ያራባሁት ነው» ብሎ ይሸጠዋል፤ ማን ይመሰክርበታል? እንስቷ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥቂት እንቁላል ስለምትጥል፣ አንዲት ትልቅ እንስት ከደኑ በተወሰደች ቁጥር የሚጎድለው ቶሎ አይተካም።

በሌላ በኩል ወረቀት ብቻውን ደን አያበቅልም። እባቡ የሚመለስበት ደን ከሌለ ፈቃዱ ምን ይፈይዳል? ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ግን ውጤት ይታያል። በአላባማ ኢንዲጎ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ከጆርጂያ የተያዙ እንስቶች በመጠለያ ከጣሉት እንቁላል የተፈለፈሉትን አሳድጎ በአላባማው የኮኔካ ደን መልቀቅ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ። በ2020 ደግሞ በዚያው ዱር የተወለደ የኢንዲጎ ግልገል ተገኘ። አንድ ግልገል ነው፤ ነገር ግን የ10 ዓመት ድካም ፍሬ ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። ኢትዮጵያ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የአፍሪካ ዘንዶ በዚሁ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ይገኛል። ስለዚህ ዘንዶ ወይም ቆዳው ለንግድ ከድንበር ሲወጣ የላኪው አገር ፈቃድ ያሻዋል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ንግዱ ዝርያውን እንደማይጎዳ ሲረጋገጥ ነው። አገሩ ቢለያይም ጥያቄው ያው ነው፦ አንተ ስትወስድ ለዱሩ ምን ይቀራል?

እጩ መምህራን ነገ ክፍል ስንገባ ይህን ትምህርት ያለ መሣሪያ ማስተማር እንችላለን። ተማሪዎችን ለሁለት እንክፈላቸው፤ ግማሹ አመልካች፣ ግማሹ መርማሪ ይሁን። ከሀ እስከ ረ ያሉትን ጥያቄዎች በአካባቢያቸው ስለሚያውቁት ወፍ ወይም እንስሳ ይጠያየቁ። መልስ ያጣው አመልካች ፈቃድ ይከልከል፤ መርማሪውም የከለከለበትን ምክንያት ለክፍሉ ያስረዳ።