«ማታ ያንኮራፋሉ?»

የሰሜን ወሎዋ ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ቆየች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ሆስፒታሏ ተዘረፈ። በእነዚያ ወራት ሌሊቱን ነቅቶ ማደር በሽታ አልነበረም። የበር ኳኳታ ቀድሞ የሰማ ሰው ልጆቹን በጓሮ በኩል ሊያሸሽ ይችል ነበር። ጦሩ ሲወጣ ግን ጆሮ ከዘብነቱ አልተመለሰም። በነሐሴ 2014 ውጊያው በራያ ቆቦ በኩል አገረሸ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች የራሳቸውን ሌሊት ይዘው መጥተዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ አይጀምርም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ይነዳል ይላል። ተራው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ይቸኩላል፤ ስለ ሌሊቱ ሳይነሳ ክኒን ታዝዞ ይወጣል። እንቅልፍ ማጣቱ ከተነገረም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ወይም ዲያዜፓም ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም ለተገቢው ሰው ይጠቅማሉ። ዲያዜፓም ግን ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ ሲያቋርጡት እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል።

ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት በዓለም ላይ በመጀመሪያ ደረጃ የሚመከረው ሕክምና ክኒን ሳይሆን ንግግርና ሥርዓት ነው። አካሄዱ ከውጭ ሲታይ ግራ ያጋባል። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዳይገላበጥ ይደረጋል፤ የአልጋ ጊዜው መጀመሪያ ወደ አምስትና ስድስት ሰዓት ይጠብና እንቅልፉ ሲገጥም ቀስ በቀስ ይረዝማል። እንቅልፍ እምቢ ሲል መነሳት፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መንቃት፣ አልጋን የጭንቀት ሸንጎ አለማድረግ ነው። ጦርነት ያስተማረው አእምሮ አልጋን ከዘብነት ጋር አቆራኝቶታልና ያንን ቁርኝት መፍታት ያስፈልጋል። ለሚመላለስ ቅዠትም መንገድ አለ፤ ታማሚው ቀን ላይ፣ ነቅቶ ሳለ፣ ቅዠቱን በሌላ ፍጻሜ ደጋግሞ ይለማመደዋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ የሚዘጋ በርና ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት የሚጸና ቀጠሮ ነው። ነርስና በር ይገኝ ይሆናል፤ የሚከብደው ቀጠሮው ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ የሚዘጋ ከሆነ ከገጠር ቀበሌ ወደ መርሳ ከተማ በየሳምንቱ ማን ይመላለሳል?

ከቅዠት ጋር እየተምታታ የሚመጣው ዱካክ ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ እጁ አይንቀሳቀስም፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለዋል። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራቸዋል፤ ሰውዬው እስሩ ሳይፈታ ሲነቃ የሚሆነው ይኸው ነው። ድካምና የተቆራረጠ እንቅልፍ ያባብሱታል። ወሎ ለዚህ ጠበሉም ዱዓውም አለው። ከሁለቱ አንዱንም የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ የሚያስፈራው ነገር ገዳይ አለመሆኑን የሚነግር ባለሙያ ቢታከልበት ግን ግማሹ ፍርሃት ይቀላል።

እስካሁን ያነሳሁት ያለ መሣሪያ የሚታከመውን ነው። መሣሪያ የሚጠይቀው በእንቅልፍ ላይ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ተረስቶ የሚቀረውም እሱ ነው። ሰውየው ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል። ጉሮሮው በእንቅልፍ ላልቶ እየተዘጋ ነው። በሰዓት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተቋረጠ ሕመም ይባላል፣ 30 ከደረሰ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ሬስፒራቶሪ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት፣ የጠዋት ራስ ምታትና ቀን ላይ የሚጥል እንቅልፍ ምልክቶቹ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ማንኮራፋቱ ሳይጠየቅ ዲያዜፓም ቢሰጠው ጉሮሮው ይበልጥ ይላላል፤ ልናሳርፈው ብለን እናንቀዋለን።

በእንቅልፍ ክሊኒክ የሚደረገው ምርመራ አንድ ሌሊት ይፈጃል። ራስ ቅል፣ የዓይን ጠርዝ፣ አገጭና እግር ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ደረትና ሆድ በመቀነት ይታሰራል፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይገባል፤ ባለሙያ እስኪነጋ በስክሪን ይከታተላል። ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን ይፋ ያደረገው ሲፓፕ ነው፤ በጭንብል ውስጥ አየር በግፊት እየገባ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ያድራል። በየሌሊቱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር የሚቆም ሕክምና መሆኑ ለሰሜን ወሎ ትልቅ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ይህን ሕመም የሚያዩ የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና አዲስ አበባ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከወልድያ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ ሂድና ተመርመር» ማለት ለአብዛኛው ሰው ምክር አይሆንም።

ጥርጣሬው ግን እዚሁ ሊጀመር ይችላል። ስቶፕ ባንግ የሚባለው መጠይቅ ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ የታየ እንደሆነ፣ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የአንገት ዙሪያና ፆታ። የሚፈልገው ሚዛን፣ ሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ነው። በአገሬው ቤት ምስክርም አይጠፋም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው በሚተኛበት ቤት አባት ሲያንኮራፋና ሲቆም ሁሉም ይሰማል። ሚስቲቱ አብራ ገብታ «ልክ የሞተ መስሎኝ እቀሰቅሰዋለሁ» ካለች ምርመራው በግማሽ አልቋል።

ከማንም በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሾፌሮች ይመስሉኛል። በደሴ፣ መርሳና ወልድያ መስመር ሌሊቱን የሚነዱ አሉ፤ ነቅቶ ለማደር ጫት የሚቅሙም ብዙ ናቸው። ጫቱ እንቅልፉን አይተካም፣ ያዘገየዋል። ኋላ ድንዛዜው የሚመጣው መሪ እንደያዙ ነው። በምሽት የሚጠጣ ቡናም ቀላል አይደለም፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋልና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠጣው በረካ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይም ገና ግማሽ ነው። ይህን መናገር ወሎ ውስጥ ተወዳጅ አያደርግም።

ትንፋሹ እየተቋረጠ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ሲፓፕ እስኪያገኝ ባዶ እጁን አይሰናበትም። በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ጠላ መተው፣ ክብደት መቀነስ፣ ዲያዜፓም ሐኪም እያማከረ ማቆም ልዩነት ያመጣል። በኮቪድ ዘመን በየሆስፒታሉ የተዋወቀው የጣት ኦክስጅን መለኪያ፣ ንባቡን የሚመዘግብ ዓይነት ከሆነ፣ ሌሊቱን አስሮ በማደር ኦክስጅን ስንት ጊዜ እንደወረደ ያሳያል። ያ ምዝገባ አዲስ አበባ ላሉ ሐኪሞች ተልኮ ሊነበብ ይችላል። ለዚህም ቢሆን ኢንተርኔቱ መሥራት አለበት፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት እንደተዘጋ የወልድያ ሰው አይረሳውም።