ከብየዳው በፊት «በርሜሉ ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ሲያበቃ በየገበሬ ማኅበሩ የጥገና ሥራ ይበዛል። የጋሪ ዘንግ ይሰበራል፣ የወፍጮ ቤት በር ይላላል፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ይቀደዳል። መብራት በደረሰበት መንደር ከመስመር፣ ባልደረሰበት ደግሞ ከጄኔሬተር ኃይል እየተወሰደ የኤሌክትሪክ ብየዳ እዚያው ደጅ ላይ ይካሄዳል። ይህም ወደ ከተማ በመመላለስ የሚባክነውን ጊዜና ገንዘብ የሚያድን ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ከጎደለው ዓይንን፣ አልፎም ሕይወትን ያስከፍላል።

ይህ ዘጋቢ በአንድ ማኅበር የወፍጮ ቤት ግቢ ተገኝቶ ነበር። አንድ ወጣት በያጅ ለግንባታ ውኃ መያዣ በሚሆን ባዶ በርሜል ላይ ቧንቧ ሊበይድ ተዘጋጅቷል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ በርሜል ምን ነበረበት?» ሲሉ ጠየቁት። «ናፍጣ ነበር ጋሼ፤ አሁን ግን ባዶ ነው» አላቸው። ሊቀ መንበሩም ወዲያውኑ ሥራውን አስቆሙ።

ያደረጉት ትክክል ነበር። ባዶ የሚመስል የነዳጅ በርሜል በውስጡ ትነት ይይዛል። በጎኑና በስፌቱ የቀረው ቅሪትም በብየዳው ሙቀት ይተናል። ይኸው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ እሳት ሲያገኝ በርሜሉ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ክዳኑን መክፈት ወይም በውኃ ማለቅለቅ ብቻ አደጋውን አያስወግድም። በመሆኑም ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል በመንደር ጨርሶ መበየድ የለበትም።

ሁለተኛው አደጋ ብርሃኑ ነው። ብልጭታው በዓይን የማይታይ ጎጂ ጨረር አለው። ሕመሙ የሚሰማው ወዲያው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቀን የተመለከተ ሰው ሌሊት ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ ያነባል። በያጁ ከ10 እስከ 12 ቁጥር ጥቁር መስታወት ያለው ጭንብል ሊኖረው ይገባል፤ የፀሐይ መነጽር ይህን አይተካም። ለማየት የሚሰበሰቡ ሕፃናትን ማራቅና ቦታውን በቆርቆሮ መከለል ያስፈልጋል። የታመመ ዓይን አይታሽም፤ ድንች ከመለጠፍና ወተት ከመጨመር ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይበጃል።

ሦስተኛው አደጋ ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው። ወደ ማሽኑ የሚገባው ኃይል 220 ወይም 380 ቮልት ነው። በኤሌክትሮድ መያዣው ላይ ያለው ከዚህ ቢያንስም ላብ ያረጠበውን ወይም እርጥብ መሬት ላይ የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በዝናብ አይበየድ፤ ጓንቱም ጫማውም ደረቅ ይሁን፤ የተላጠ ገመድ ይለወጥ፤ ማሽኑም ከመሬት መስመር ጋር ይያያዝ። ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ አስቀድሞ ኃይሉን ማጥፋት እንጂ በእጅ መጎተት ሌላ ሰው ማስጨረስ ነው።

ከዚህም ሌላ የብየዳ ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ድረስ ሊፈናጠር ስለሚችል ከጭድ ክምርና ከአውድማ አጠገብ መሥራት አይገባም። ሥራው ካበቃም በኋላ አንድ ሰው ውኃና አሸዋ ይዞ ለአንድ ሰዓት ያህል አካባቢውን ይጠብቅ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ማምሻውን እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣልና ሥራው ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ይሁን። የታመመው ሰው ግን ወባ ሊሆንም ስለሚችል መመርመር አለበት።

የማኅበር መሪ በያጅ መሆን አይጠበቅበትም። ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ግን አምስት ነገር ይጠይቅ፦ ዕቃው ምን ነበረበት? ጭንብልና ጓንት አለ? ገመዱ ደህና ነው? ጭዱ ርቋል? ሕፃናቱስ? ለአንዱ እንኳ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ሥራው ይቆይ። የተሰበረ ጋሪ ነገም ይጠገናል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይበየድም።