በጾም የሚሞላው የቅቤ ቅል

ጌታችን በወንጌል ሲያስተምር ከምሳሌዎቹ አብዛኛውን ያገኘው ከገበሬና ከባልቴት ቤት ነው። በዱቄት ውስጥ የተሸሸገው እርሾ፣ ከእንቅብ በታች ሊቀመጥ የማይገባው መብራት፣ የጠፋባትን ድሪም ለመፈለግ ቤቷን የጠረገችው ሴት፣ በአሮጌ ልብስ ላይ የሚጣፈው እራፊ፣ ሁሉም በእኛ ጓዳ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ወራት መጽሐፍ የሌለው ቤት እንኳ የሚያስበው ነገር አያጣም፤ ዙሪያውን መመልከት ይበቃዋል።

እኛም ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን የቤት ዕቃ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም የቅቤውን ቅል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ቀን ላሚቱ መታለቧን አትተውም፤ ከሕፃናትና ከሕሙማን የተረፈው ወተት ይናጣል፤ ቅቤው ግን ወደ ወጡ አይገባም። እንግዲህ ሰው ሁሉ በሚከሳበት ወራት በየቤቱ የሚወፍር አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የቅቤው ቅል ነው። ትንሣኤ ሲቃረብ የቅቤ ዋጋ እንደሚወደድ ባለቤቲቱ ታውቃለች፤ አውቃ ማስቀመጧም ብልኃት እንጂ ነውር አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ ለልጆች ደብተር የሚገዛበት፣ ዕዳም የሚከፈልበት ቤት ብዙ ነውና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ በጾም የተጠራቀመው የማን ነው?

ሄርማ የሚባለው መጽሐፍ፣ በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈና ወደ ግእዝም የተተረጐመ ጥንታዊ የክርስቲያን መጽሐፍ፣ መልሱን በሒሳብ አድርጎ ይሰጣል። ጾመኛው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ እንዲያስብ፣ ያንኑም ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። (የሒሳብ መምህራን ይህን ጥያቄ ለምን በክፍላቸው እንደማያወጡት እንጃ።)

ሒሳብን ካነሣን ዘንድ ቁናን ማለፍ አይቻልም። የጾሙ ሦስተኛ ሰንበት ምኵራብ ነው፤ ጌታ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠበት ታሪክ ይነበባል። በዚያ ሳምንት ተማሪዎቻችን ከየቤታቸው አንዳንድ ዕቃ እየጠሩ ከወንጌል ምሳሌ ጋር እንዲያገናኙ አዘዝናቸው። አንዱ መብራት አለ፤ አንዷ እርሾ አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ግን ተነሥቶ፣ «በእኛ ቤት ሁለት ቁና አለ፤ ትልቁ መቀበያ ነው፤ ትንሹ ማበደሪያ ነው» አለ። ክፍሉ ሣቀ፤ ልጁ ግን አልሣቀም፤ የሚያውቀውን መናገሩ ነበርና። ሰው በሰፈረበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርለት የተጻፈውን ለዚያ ክፍል መተርጐም አላስፈለገንም።

ይህ ነገር በደጋው አገር ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የሁዳዴ ወራት የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወራት ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር በሚያልፈው በመንዝ ደጋ ገብሱን በበልግ የሚዘራው ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ ይጾማል። በልግ በቀረበት ዓመት ወዶ የሚጾምና አጥቶ የሚጾም በአንድ አጥር ይጎራበታሉ፤ ሲመሽ ሁለቱም ያንኑ የገብስ ቆሎ ሲቆረጥሙ የሚያይ መንገደኛ አይለያቸውም። የሚለያቸው ዘር ለመበደር ቁና ይዞ ከጎረቤቱ ደጅ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ሲታይ ነው። ዝቅ ወዳለው ወደ መርሐቤቴ የወረደ እንደ ሆነ ቁናው ጤፍና ማሽላ ይሰፍራል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ እረኛውም ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ የሚሠራበት ይህ ሣር በጌራ ምድር፣ በስሙ ጓሳ በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ይበቅላል። አባቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለ3፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ዘግተው ማንም እንዳያጭድ፣ ከብትም እንዳይሰማራ ይጠብቁ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ባለመብቱ ሁሉ በአንድነት ይገባ ነበር። ምድሪቱ ትጾምና ትፈስክ ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም። የጾሟም ፍሬ ቅል ውስጥ ተከድኖ የአንድ ቤት ሀብት አልሆነም፤ መብቱ በዘር ሐረግ የተወሰነ ቢሆንም የብዙ ቤት ክዳን ሆነ። ቄሮ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጋር ቀረ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ እስከ ዛሬ ድረስ ይዞታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ዛሬ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ገመዱም ከገበያ ይገዛል።

በዚህ ዓመት ሒሳቡን ለመጀመር ለሚፈልግ ቤት አንድ ነገር እናሳስባለን። የቅቤው ሒሳብ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ ሊቆይ ይችላል። የዘሩ ብድር ግን በትልቁ ቁና ተሰፍሮ ከደብረ ዘይት ሰንበት በፊት ይሰጥ፤ በልጉ ከዘነበ ገብስ የሚዘራበት ቀን ጥቂት ነውና።