ሁሉ ነገር ጓያ ነውን? በሽምግልና ጊዜ ስለሚነሣ አዲስ የነርቭ ሕመም

በቤተ ልሔምም ሆነ በእስቴና በስማዳ አንድ ሰው ሲያነክስ የታየ እንደ ሆነ ምክንያቱን ለመመርመር የሚቸኩል የለም፤ «ጓያ ሰብሮት ነው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ዳሩ ግን ይኸው መልስ በቅርብ ለተነሣ ሕመም ሲሰጥ ምን ያኽል ጉዳት እንዳለው ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደዚያ በሄድን ጊዜ ስለ ተመለከትን፥ ጥቂት ለማብራራት አሰብን።

ያገኘናቸው ሰው በድጓ ምስክርነት በታወቀችው በቤተ ልሔም አካባቢ ዜማ የሚያስተምሩ፥ ዕድሜአቸው ከስድሳ ያለፈ መሪጌታ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ፥ ገና ተማሪ ሳሉ፥ ለብዙ ወራት ጓያ በልተው እግራቸው ተሳሰረ፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ያኽል በአንድ ምርኩዝ ሄደዋል። (መቋሚያ ይዞ መቆም ሥራቸው ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሰው ጉዳታቸውን ቶሎ አይለይም።) ዓምና ግን ሁለተኛ ምርኩዝ ጨመሩ፤ ጣቶቻቸውም ብዕር መያዝና ቁልፍ መቈለፍ አቃታቸው። የሰፈሩ ሰው «ያው የድሮው ጓያ አገረሸባቸው» አለ።

ጓያ ያገረሻልን? በጓያ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ያኽል ጓያን ዋና ምግቡ ሲያደርግ፥ ይህ መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን ነርቮች ይጎዳል። ይበልጡን የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው። ባት ይኮማተራል፥ ጉልበት ይደርቃል፥ እግር እንደ መቀስ ይጠላለፋል፤ የቆዳ ስሜት ግን አይጠፋም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ አድርገውት በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፥ በአማካይ ከ1,000 ሰው 6ቱ በዚህ ሕመም የተያዙ መሆናቸውን አስረድቷል። በእንፋሎቱ ወይም በገለባው ይይዛል የሚባለው እምነት የተሳሳተ ነው፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው።

ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ጓያ አንድ ጊዜ ሰብሮ የሚቆም መሆኑ ነው። የሰበረው አይድንም፤ ነገር ግን ሰውዬው ደግሞ ካልበላው በስተቀር፥ ከአርባ ዓመት በኋላ ተነሥቶ እጅን አይዝም። እጅን መጀመሪያውኑም እምብዛም አይነካ። ስለዚህ ለአዲስ ሕመም አዲስ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ፍለጋው የሚጀመረው በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት የአንድ ወገን እጅና እግር የከዳው ሰው፥ በአንጎሉ የደም ሥር ተደፍኖ ወይም ፈስሶ ይሆናል፤ የደም ግፊቱ መለካት አለበት። ጀርባውን የሚያመው፥ የሚከሳና የሚጎብጥ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ይጠረጠራል፤ ይህም ለወራት በሚወሰድ መድኀኒት የሚታከም ነው። እግሩ የሚደነዝዝና በጨለማ የሚንገዳገድ ሽማግሌ ደግሞ ቫይታሚን ቢ 12 ጎድሎት ሊሆን ይችላል።

እኛም በመሪጌታ ላይ በመጀመሪያ የጠረጠርነው ይኸንኑ ነበር፤ ጾመኛ ናቸውና። ጥርጣሬያችን ግን የችኮላ ነበር። ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ መሆኑ እውነት ቢሆንም፥ ጉበት ለዓመታት የሚበቃውን ያከማቻል፤ በሽምግልና ይበልጥ የሚያስቸግረው ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ መለየት ማቃቱ ነው። ደግሞም ዐይናቸውን አስጨፍነን እግራቸውን በጥጥ ስንነካ፥ የነካነውን ቦታ ሁሉ ሳይሳሳቱ ነገሩን።

እጅ የሚያሰንፍና እግርን ይበልጥ የሚያደርቅ፥ ቀስ በቀስም የሚብስ ሕመም ወደ አንገት ያመለክታል። የአንገት አጥንት በዕድሜ ብዛት እየሻከረና እያበጠ ሲሄድ ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል። በኤም አር አይ ይታያል፤ ቀዶ ሕክምናም ብዙውን ጊዜ እንዳይብስ ያቆመዋል፥ የጠፋውን ሁሉ ግን አይመልስም። ስለዚህ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ዋጋ አለው።

ይህን ገልጸን መጀመሪያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንዲሄዱ ለመንናቸው። «ድሮ የተሰበረ እግር ምኑ ይመረመራል?» አሉን። እግሩ ሳይሆን ጣታቸው እንደ ሆነ ስንመልስላቸው ጥቂት ዝም ብለው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ አሉ። መስቀል አልፏል፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ በላከልን ወሬ ጥምቀት ሳያልፍ ጉባኤውን አልበትንም ብለዋል።